የባሕር ቅቅል በላስታ ደጋ

ቅቅል ሲባል በእኛ ሐሳብ የሚመጣው የበግ ወይም የበሬ አጥንት፣ ጥቂት ሽንኩርት፣ አንድ ሁለት ቃሪያና ከመረቁ ላይ የሚንሳፈፈው ቅባት ነው። በባሕር ዳርቻ ለሚኖር ሕዝብ ግን ቅቅል ሌላ ነው። በአሜሪካ በሉዊዚያና ግዛት ክሮውፊሽ የሚሉትን ትንሽ የውኃ ፍጡር ከድንች፣ ከበቆሎና ከቋሊማ ጋር በአንድ ትልቅ ድስት ቀቅለው፣ ወረቀት በተነጠፈበት ጠረጴዛ ላይ ይዘረግፉታል፤ ዘመድና ጎረቤትም ዙሪያውን ከብቦ በእጁ ይበላል። በሜሪላንድ ደግሞ ሸርጣኑን በእንፋሎት አብስለው፣ ቅመም ነስንሰው፣ ቅርፊቱን በእንጨት መዶሻ እየሰበሩ ይመገቡታል። በዋሽንግተን ዙሪያ የሚኖሩት ብዙ ወገኖቻችን ከዚያ የባሕር ሰላጤ ርቀው አይኖሩምና፣ ልማዱ ቀስ በቀስ ወደ እነርሱ ማጀት ቢገባ አያስገርምም። ዛሬ ይህንኑ የባሕር ቅቅል በቤት ውስጥ፣ በፕሬዠር ኩከር፣ በጥቂት ደቂቃ እንዴት ማድረስ እንደሚቻል የሚያስተምረው ሰው ብዙ ነው።

በድስቱ ላይ ቅሬታ የለኝም፤ የገባበት ቤት ነው የሚያሳስበኝ። ሽሪምፕና ሸርጣን ለመቀቀል ይህ ድስት ከቶ አያስፈልግም። ባሕር ዳር ለሚኖር ሰውም ቢሆን ድስቱ ምቾት ነው እንጂ ችግር ፈቺ አይደለም። ይህ ዕቃ ከማንም በፊት መግባት የነበረበት ወደ ላሊበላ፣ ወደ ኩልመስክና ወደ ሙጃ፣ በጠቅላላው በላስታ ደጋ ወደሚኖሩት እናቶች ጎጆ ነው። ለምን እንዲህ እንደምል ላስረዳ።

ነገሩን ከውኃ እንጀምር። ውኃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ተብለን በትምህርት ቤት ተምረናል። ይህ እውነት የሚሆነው ግን በባሕር ወለል ላይ ብቻ ነው። ከላያችን የተጫነው አየር ውኃው እንፋሎት ሆኖ እንዳያመልጥ ይጫነዋል፤ ወደ ተራራ በወጣን ቁጥር ጭነቱ ይቀላል፤ ውኃውም ቶሎ ይገነፍላል፤ ማለትም ሳይሞቅ ይፈላል። በግምት በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ይቀንሳል። ቆቦ ሜዳ ላይ ውኃው በ95 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ባላት ላሊበላ ከ92 ዲግሪ በታች ይፈላል። ከ4,000 ሜትር በላይ በሚነሣው በአቡነ ዮሴፍ ተራራ አናት ላይ ድስት ቢጣድ ውኃው 86 ዲግሪ ላይ መንፈቅፈቅ ይጀምራል። በላሊበላ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው።

«ስምንት ዲግሪ ምን ያህል ነው?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ለሻይ ምንም አይደለም፤ ለባቄላ ግን ብዙ ነው። የደረቀ ጥራጥሬ የሚለሰልሰው ሙቀቱ ጥቂት ሲጨምር በብዙ እየፈጠነ፣ ጥቂት ሲቀንስም በብዙ እየዘገየ ነው። ከቆቦ ሜዳ ተነሥታ ሙጃ ያገባች ሙሽራን እናስብ። በእናቷ ቤት ባቄላ ስትቀቅል የምታውቀውን ጊዜ ጠብቃ ድስቱን ብታወርድ፣ ፍሬው በጥርስ ሥር እንደ ጠጠር ይንቋቋል። አማቷ ፊት ታፍራለች። ባቄላው ዓመት ያለፈው ነው ትላለች፤ ውኃው ከባድ ነው ትላለች፤ በመጨረሻም እሳት ትጨምራለች። ትልቁ ኪሳራ ያለው እዚህ ላይ ነው። አንድ ጊዜ የፈላ ውኃ እሳት ቢጨመርለት ፈጥኖ ይተናል እንጂ አንዲት ዲግሪ እንኳ አይሞቅም። የተጨመረው እንጨት የሚያሞቀው ሰማዩን ነው። ሙሽራዪቱ ጥፋት የለባትም፤ ባቄላውም የለበትም። የጎደለው አየር ነው።

ይህ ግራ መጋባት የእኛ ብቻ አይደለም። ቻርልስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1835 የአንዲስን ተራሮች ሲሻገር፣ አብረውት የነበሩት መንገድ መሪዎች ድንች ጥደው አድረው ነበር፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲፈላ ያደረው ድንች ግን ጠዋት ጥሬ ሆኖ አገኙት። ሰዎቹ ተመካክረው የደረሱበት ፍርድ፣ ድስቱ አዲስ ስለሆነ ድንች መቀቀል አልፈለገም የሚል ነበር። ዳርዊን ምክንያቱን ያውቅ ነበርና ወሬውን በጉዞ መጽሐፉ ውስጥ አኖረው። እኛም ፈገግ ልንልበት እንችላለን፤ ነገር ግን በደጋው አገራችን ስንት ድስት፣ ስንት ባቄላና ስንት ምራት በሐሰት ተወንጅለው ይሆን?

መድኃኒቱ ከዳርዊን ከመቶ ኀምሳ ዓመት በፊት ተገኝቶ ነበር። ፈረንሳዊው ዴኒ ፓፔን እ.ኤ.አ. በ1679 በለንደን፣ ክዳኑ በጥብቅ የሚዘጋና እንፋሎቱን አምቆ የሚይዝ ብረት ድስት ለሊቃውንቱ ማኅበር፣ ለሮያል ሶሳይቲ አሳየ። እንፋሎቱ ከልክ ሲያልፍ የሚያስተነፍስ ክብደት ያለው መክደኛም ሠራለት፤ ዛሬ በየድስቱ አናት ላይ የሚያፏጨው ነገር የዚያ ልጅ ነው። በ1682 ለማኅበሩ አባላት በዚሁ ድስት እራት ቀረበላቸው፤ ከመካከላቸው ጆን ኤቭሊን የተባለው በዕለት ማስታወሻው የዓሣው አጥንት ሳይቀር ያለ ችግር እንደ ተበላ ጽፏል። እነሆ የመጀመሪያዎቹ የፕሬዠር ኩከር እራቶች በአንዱ ዓሣ ነበረበት፤ ያስደነቃቸው ግን የዓሣው ሥጋ ሳይሆን የአጥንቱ መላም ነው። ድስቱ ከተፈጠረበት ዕለት ጀምሮ ሥራው ጠጣሩን ማላም ነበረ። ፓፔን በ1681 ያሳተመው መጽሐፍ ርእሱ ላይ ሳይቀር የመሣሪያው ዋጋና የሚያስገኘው ትርፍ እንደሚገለጥ ያስታውቃል። ከመጀመሪያውም የታሰበው ለቅንጦት ብቻ አልነበረም።

የዚህ ድስት ምሥጢር በደጋ ሰው ቋንቋ ቢነገር እንዲህ ነው፤ በክዳኑ ውስጥ ቆላ ይሠራል። ከቆላም አልፎ፣ ከባሕር ወለል አልፎ፣ ሰው ከማይኖርበት ጥልቀት ግፊትን አምጥቶ በውስጡ ያነግሣል። በባሕር ወለል ላይ በውስጡ ያለውን ውኃ እስከ 121 ዲግሪ ያደርሰዋል፤ ላሊበላ ላይ ደግሞ ከውጭ ያለው አየር ቀላል ስለሆነ ወደ 116 ዲግሪ ያህል ያደርሰዋል። ለባሕር ዳር ሰው ትርፉ ከ100 ወደ 121 ነው። ለላስታ ሰው ከ92 ወደ 116 ነው። ዲግሪው ተቀራራቢ ይመስላል፤ ነገር ግን የመጀመሪያው በልኩ ይበስልለት የነበረውን ያፈጥንለታል፤ ሁለተኛው እምቢ ይለው የነበረውን ያበስልለታል።

የደጋው ሕዝብ ባሕርን በስም ሲጠራ የኖረ ሕዝብ ነው። ከሩቅ የመጣውን ሁሉ የባሕር ይለዋል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ መጥቶ አገር ያለበሰው ዛፍ ባሕር ዛፍ ነው፤ በቆሎም የባሕር ማሽላ ይባላል። ላሊበላ ላይ በአብያተ ክርስቲያናቱ መካከል የሚወርደው ጅረት ዮርዳኖስ ተብሏል። የማይደርሱበትን ሩቅ አገር ጠርቦና ሰይሞ ወደ ደጃፍ ማምጣት የላስታ አሮጌ ጥበብ ነው። እንግዲህ የባሕርን ወለል ወደ ተራራ የሚያወጣ ድስት ቢመጣ፣ ከሁሉ ይልቅ ሊገባው የሚገባ ይህ ሕዝብ አልነበረምን?

«ታዲያ የባሕር ቅቅሉስ?» ትሉኝ ይሆናል። እርሱንም አልሸሸውም። ሸርጣንና ሽሪምፕ ወደ ላስታ የሚወጡበት መንገድ የለም፤ ቢወጡም የሚቀበላቸው ገበታ ጥቂት ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ክንፍና ቅርፊት የሌለው የውኃ ፍጡር እንዳይበላ የተጻፈውን ሕግ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክሳዊ ምእመን ዛሬም ይጠብቀዋል፤ ቅርፊት የሌለውን አምባዛ እንኳ ከአፉ የማያደርሰው ብዙ ነው። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ እተወዋለሁ። ዓሣ ግን ከላስታ ጋር ዝምድና የለውም ማለት አይቻልም። ተከዜ የሚነሣው ከላስታ ተራሮች ነው። ከተራራው የወረደው ውኃ ቆላ ገብቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 በተጠናቀቀውና 188 ሜትር ከፍታ ባለው ግድብ ተይዞ፣ ትግራይንና ዋግ ኽምራን የሚያዋስን ሰፊ ሐይቅ ሆኗል፤ ዓሣም ይጠመድበታል። በምሥራቅ በኩል አሸንጌ አለ፤ በደቡብ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ሐይቅ አለ። ቅርፊት ያለው ቆሮሶ ለሚያገኝ ሰው የደጋ የዓሣ ቅቅል ሩቅ አይደለም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ለሁለት የተከፈለ ድንች፣ በየስንዝሩ የተቆረጠ በቆሎ እሸት፣ የተላጠ ነጭ ሽንኩርት፣ ጨውና ሚጥሚጣ ከትንሽ ውኃ ጋር ድስቱ ውስጥ ይገባል። ክዳኑ ይዘጋል፤ ማፏጨት ከጀመረ በኋላ ሰባት ደቂቃ ያህል ይቆያል። ከዚያ ከእሳቱ ወርዶ እንፋሎቱ ይወጣለታል፤ ክዳኑ ይከፈታል። በወፍራሙ የተቆራረጠው ዓሣ የሚገባው አሁን ነው። ድስቱ ተመልሶ ይጣዳል፤ ክዳኑ ግን ሳይጠብቅ እንዲያው ይደፋበታል፤ አምስት ስድስት ደቂቃ ይበቃዋል። ዓሣውን ከመጀመሪያው ከድንቹ ጋር አብራችሁ ብታፍኑት የሚወጣው ገንፎ ነው፤ ሽሪምፕም ቢሆን እንደ ጎማ ይሆናል። በዚህ የባሕር ቅቅል ውስጥ ግፊቱ የሠራው ለድንቹና ለበቆሎው ብቻ መሆኑን ልብ በሉ። ባሕሩ ለራሱ ለባሕር ፍጡር አላስፈለገውም፤ ያስፈለገው ለምድሩ ፍሬ ነው።

አሁን ወደ እውነተኛው ቅቅላችን ደረስን። ሉዊዚያናዊው በጠረጴዛ ላይ የሚዘረግፈውን፣ ጎረቤት ሁሉ በእጁ የሚዘግነውን ምግብ እኛ ጋ ስንፈልግ የምናገኘው ሥጋውን አይደለም፤ ንፍሮውን ነው። ባቄላ፣ አተር፣ ስንዴ፣ ገብስ፤ ሁሉም በአንድ ድስት። ለቅሶ ቤት ጎረቤት ይዞት የሚገባው ንፍሮ ነው። በጾም ቀን ልጅ በኪሱ ይዞት የሚሮጠው ንፍሮ ነው። በጸሎተ ሐሙስ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የሚበላው ጉልባን፣ ባቄላና ስንዴ አንድ ላይ ጨው በዛ ተደርጎበት የሚቀቀለው፣ ንፍሮ ነው። ሁዳዴ ብቻውን 55 ቀን ነው፤ ረቡዕና ዓርብ አለ፤ ሌሎቹም አጽዋማት አሉ። በእነዚህ ቀኖች ሁሉ ሥጋም ወተትም ዕንቁላልም የለም፤ ጉልበት የሚሰጠው ጥራጥሬ ነው። የአየሩ ግፊት በጎደለበት ከፍታ ላይ፣ ለመብሰል እጅግ አስቸጋሪ የሆነውን ምግብ ዋና ምግቡ ያደረገ ሕዝብ ነን ማለት ነው።

የዚህን ዋጋ ማን ይከፍላል? ማገዶ ለቃሚዋ ትከፍላለች። በላስታ ደጋ ደን የቀረው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥና በጥቂት ገደላገደል ነው። ባሕር ዛፉ ለቤት ማገርና ለሽያጭ ይፈለጋል። የቀረው ጭራሮና ኩበት ነው። ጭራሮውን ሴቶችና ልጃገረዶች በጀርባቸው ተሸክመው ዳገት ይወጣሉ። ኩበቱ ደግሞ ባይነድድ ኖሮ ለማሳው ፍግ ይሆን ነበር። ባቄላውን ለማብሰል የሚነድደው ኩበት የመጪው ዓመት ባቄላ ምግብ ነው። በተራቆተ መሬት ላይ የበቀለውን ፍሬ ለመብላት መሬቱን ጨምረን እናራቁታለን። ከዚያም ጭሱ አለ፤ መስኮት በሌለው ጎጆ ውስጥ ለሰዓታት ዓይን የሚያቃጥለው፣ ሕፃኑን በጀርባዋ ያዘለችው እናት የምትስበው ጭስ።

በዝዋዝዌ የማይሰላ ሌላም ነገር አለ። ወሎ በ1966ም ሆነ በ1977 ዓ.ም. በረሃብ የታወቀ ስም ሆነ፤ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ሴፍቲኔት የሚባለው መርሐ ግብር ለብዙ የሰሜን ወሎ ቤተሰብ የዓመቱን ክፍተት መሙያ ሆኖ ቆይቷል። ስንዴ ይሰጣል፤ ክክ ይሰጣል፤ ሁሉም በኪሎ ይመዘናል። ማገዶ ግን አይመዘንም። እህል የሚያድል እጅ ሁሉ፣ እህሉ ከጆንያ ወጥቶ ምግብ እስኪሆን ድረስ ያለውን መንገድ የእናቲቱ የግል ጉዳይ አድርጎ ይተወዋል። በሚዛን ላይ እኩል የሆኑ ሁለት ኪሎ ባቄላዎች፣ አንዱ ቆቦ ሌላው ሙጃ ቢሄዱ፣ በምድጃ ላይ እኩል አይደሉም። የሙጃው ተጨማሪ ሸክም እንጨት አለበት። ይህ ሸክም በየትም መዝገብ ላይ አልሰፈረም።

በእንጀራ ረገድ አገራችን ይህን አስባበት ነበር። እንጨት የሚቆጥበው «ምርጥ» ምድጃ ለምጣድ ተሠርቷል፤ ለከሰል ደግሞ «ላቀች» ተሠርታለች፤ ሁለቱም በብዙ ቤት ይታወቃሉ። ስለ ምድጃ ብዙ ተባለ፤ ከምድጃው በላይ ስለሚጣደው ድስት ግን የተባለው ጥቂት ነው። እሳቱን ለመቆጠብ እሳቱን ብቻ መመልከት አይበቃም። ከሁለት ሰዓት በላይ የሚጣደውን ባቄላ ወደ ግማሽ ሰዓት የሚያወርድ ድስት ራሱ የማገዶ ቁጠባ ነው።

ይህን ስል የምሰማቸው ተቃውሞዎች አሉ፤ የሚናቁም አይደሉም። የመጀመሪያው የጣዕም ነው። በሸክላ ድስት የበሰለ ወጥ ጣዕሙ ሌላ ነው ይባላል። እውነት ነው። ሽሮ በፕሬዠር ኩከር አይሠራም፤ ይያያዛል፤ ያርራል። የዶሮ ወጥ ሽንኩርትም ክዳን ተከፍቶ፣ እየተማሰለ፣ ውኃውን እየጣለ ቀስ ብሎ መቁላላት አለበት። ሸክላው በዚህ ሁሉ ንጉሥ ነው፤ ማንም ከዙፋኑ አያወርደውም። ጥያቄው ያለው በጥሬው ባቄላ ላይ ነው። ባቄላ ለመለስለስ ሁለት ሰዓት በሸክላ ቢቆይ ከሸክላው የሚያገኘው ጣዕም ከሚያስከፍለው እንጨት ጋር ሲመዘን አነስተኛ ነው። የጣዕሙን ክርክር የሚያነሣው ሰው ብዙ ጊዜ የሚበላው እንጂ ጭራሮውን የሚሸከመው አይደለም። የሚሸከሙት በሸንጎው ላይ ተቀምጠው ቢሆን ፍርዱ ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።

ሁለተኛው የችኮላ ነው። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል ይሉናል፤ ምግብ ጊዜ ይፈልጋል፤ በድስቱ ዙሪያ የሚወራው ወሬ፣ የሚተረተው ተረት በዚያ ፉጨት ይጠፋል ይሉናል። ይህ ለጆሮ የሚጥም ነው፤ እኔም ተረት እወዳለሁ። ነገር ግን የንፍሮ ኅብረት ያለው በመቀቀያው ላይ አይደለም፤ በመዝገኑ ላይ ነው። ለቅሶ ቤት የገባው ንፍሮ ስንት ሰዓት እንደ ተጣደ የሚጠይቅ የለም። ከእሳቱ ፊት የተረፈችው ሰዓት ደግሞ አትጠፋም፤ ልጅቷ ደብተሯን ትገልጥባታለች፤ እናት ወገቧን ታሳርፍባታለች። ተረቱም ቢሆን በጭስ ውስጥ ካልተነገረ አይጥምም ያለው ማነው?

ሦስተኛው የአደጋ ነው፤ ይህኛው ከሁሉ የሚከብድ ነው። እንፋሎት ቀልድ አያውቅም። ማስተንፈሻው በአረፋ ወይም በገለባ የተደፈነ ድስት ሊፈነዳ ይችላል፤ ገና ግፊት ያለውን ክዳን በኃይል የከፈተ ሰው ፊቱን ይቃጠላል። ስለዚህ ድስቱን ያለ ትምህርት ማደል ስጦታ አይሆንም። ትምህርቱ ግን አጭር ነው፤ ለማንኛዪቱም እናት በአንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል። ጥራጥሬ ከድስቱ ግማሽ አያልፍም። ማስተንፈሻው በየጊዜው ወደ ብርሃን ተይዞ ቀዳዳው ይታያል። ክክና ምስር አረፋ ስለሚያበዙ ጥቂት ዘይት ጠብ ይደረግባቸዋል፤ ያለዚያም በተራ ድስት ይቀቀላሉ፤ እነርሱ ቶሎ የሚደርሱ ናቸውና። ፉጨቱ ሲጸና እሳቱ ይቀነሳል፤ ለዚህ ነው እንጨቱ የሚተርፈው። ክዳኑ በራሱ ፈቃድ ካልተከፈተ አይታገሉትም።

በዚህ ላይ ለደጋው የሚሆን አንድ ማስታወሻ ልጨምር። ከድስቱ ጋር የሚመጣው መመሪያ የተጻፈው ለባሕር ወለል ነው። ድስቱ የውጩን ግፊት ይጨምራል እንጂ የጎደለውን ሁሉ አይሞላም። ከ600 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ ጊዜው 5 በመቶ ያህል ይጨመር የሚል የተለመደ ስሌት አለ። በመመሪያው 20 ደቂቃ የተባለው ላሊበላ ላይ 26 ደቂቃ ይሆናል ማለት ነው። ሌሊቱን በውኃ ተዘፍዝፎ ያደረ ባቄላና ስንዴ፣ ከላያቸው ሁለት ጣት ያህል ውኃ ካላቸው፣ ከ25 እስከ 30 ደቂቃ ይበቃቸዋል። ከዚያ በላይ ቢቆይ ፍሬው ይፈነዳል፤ ንፍሮነቱን ያጣል። የመጀመሪያው ቀን የሙከራ ይሁን፤ ከሦስተኛው ቀን በኋላ እናት ፉጨቱን ሰምታ ታውቀዋለች። በጣቷ ተጭና የባቄላን መብሰል የምታውቅ ሴት ይህን ለመልመድ አትቸገርም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ገበያው ለገጠር ምድጃ የሚሆን ድስት ያምጣ። በከተማ የሚሸጠው ዓይነት እጀታው የፕላስቲክ ዘር ነው፤ በሦስት ጉልቻ ላይ ነበልባል ሲልሰው ይቀልጣል ወይም ይሰነጠቃል። በኤሌክትሪክ የሚሠራውም መብራት በሌለበት ጌጥ ነው፤ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ላስታ በገባበት ጊዜ መብራት ያለውም ቤት ያለ መብራት ከርሟል። ለደጋው የሚያስፈልገው እንጨትና ኩበት የሚችል፣ እጀታው ብረት የሆነ፣ ወፍራም ድስት ነው። ከሁሉም በላይ የክዳኑ ጎማ ያስፈልጋል። ጎማው ሲያረጅ ድስቱ ተራ ድስት ይሆናል፤ የአንዲት ጎማ መታጣት ውዱን ዕቃ የውኃ መቅጃ ያደርገዋል። በሙጃ ገበያ በየትኛውም ቀን፣ ከጨውና ከክብሪት ጎን ያቺ ጎማ ካልተሸጠች፣ ድስቱ ደጋ ደረሰ አይባልም።

እህል የሚያድሉም፣ ምድጃ የሚያስተዋውቁም፣ ጉዳዩን በአንድ ሚዛን ቢያዩት መልካም ነው። ጎረቤታሞች በዕድራቸው ወይም በማኅበራቸው አንድ ትልቅ ድስት ቢገዙ፣ ድንኳንና ብርጭቆ በጋራ እንደሚኖራቸው ሁሉ፣ ለለቅሶና ለጉልባን የሚሆን ንፍሮ በአንድ ሸክም እንጨት ይደርሳል። ዕድር የሕዝባችን ጥበብ ነው፤ ዋጋው ለአንድ ቤት የከበደውን ለሃምሳ ቤት ማካፈል ያውቅበታል።

በባሕር ማዶ ያላችሁ ወገኖች ደግሞ ሸርጣኑን በሰላም ብሉ፤ አልቀናም። ድስታችሁ ሲያፏጭ ግን አንድ ነገር አስቡ፤ ያ ፉጨት በእናንተ ቤት የሚቆጥበው አሥር ደቂቃ ነው፤ በእናታችሁ አገር የሚቆጥበው የአንዲት ልጅ የጀርባ ሸክም ነው። ለገና ወይም ለፋሲካ ወደ ደጋ የሚላክ ዕቃ ስታስቡ፣ ከጫማውና ከስልኩ ጎን አንድ ድስት፣ ከድስቱም ጋር ሁለት ትርፍ ጎማ ብታኖሩ፣ ባሕር ያልደረሰበት አገር የባሕሩን ግማሽ አገኘ ማለት ነው። ዓሣው ቢቀር ቅር አይለንም። ባቄላው ይብሰልልን።